ድመታችሁ አልጋ ላይ ሲሸና፦ ከጭንቀት የሚመጣ የፊኛ ሕመምን ደረጃ በደረጃ መያዝ

ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ወንድ ድመት ነው። ስሙን ያወጣለት መልኩ ነው። አንድ የሐምሌ ጠዋት የታጠበ ልብስ ያጣጠፍኩበት ዘንቢል ውስጥ ገብቶ ሸና። ተቆጥቼ አባረርኩት። ከሰዓት በኋላ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ደገመው፤ ያውም የሻይ ማንኪያ የማትሞላ። ማታ ነጩ ሴራሚክ ላይ ሮዝ ጠብታ አየሁ። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት "ቂም ይዞብሽ ነው ልጄ፤ ምን አድርገሽው ነው?" አለችኝ። እኔም ቂም መስሎኝ ነበር።

ለካ ፊኛው ተቆጥቶ ነበር። አሸዋ በተሞላው መሽኛ ሳፋው ላይ በተቀመጠ ቁጥር ስላመመው፣ ያሳመመኝ ሳፋው ነው ብሎ ሌላ ቦታ መፈለጉ ነው። ለስላሳ ልብስና ቀዝቃዛ ሴራሚክ የመረጠውም ለዚያ ነው።

በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ሕመሙ ደጋግሞ ተነሳበት። መጀመሪያ ሰሞን በተነሳ ቁጥር አንቲባዮቲክ ይወጋል፣ በሳምንቱ ይድናል። እኔም መድኃኒቱ ሠራ እላለሁ። ይህ ሕመም ግን ባይወጉትም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ራሱ ይበርዳል። ውሃ ብንወጋውም ይድን ነበር። ይህን ለመረዳት ብዙ ገንዘብና ብዙ አንሶላ ፈጅቶብኛል። እናንተን ይህ እንዳይደርስባችሁ፣ የሠራልኝን በቅደም ተከተል እነሆ።

ከሁሉ በፊት፦ ሽንቱ እየወጣ ነው?

ወንድ ድመት ያላችሁ ሌላው ይቆያችሁና ይህን አንብቡ።

የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ወደ ጫፉ በጣም ጠባብ ነው። ፊኛው ሲቆጣ የሚወጣው ንፍጥ መሰል ነገር ከደቃቅ ክሪስታል ጋር ተጋግሮ ይደፍነዋል። አንዳንዴ ደግሞ ቱቦው ራሱ ከሕመሙ የተነሳ ተኮማትሮ ይዘጋል። ሽንት መውጫ ሲያጣ ኩላሊት ይዳከማል፣ ደም ውስጥ ፖታሲየም ይከማቻል፣ ልብ ምቱን ይስታል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ድመት በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። "እስኪ ነገ ልየው" የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ምልክቱ ይህ ነው። ሳፋው ላይ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ምንም ጠብ አይልም። ይነሳና ተመልሶ ይቀመጣል። ይጮኻል፤ ብልቱን ይልሳል። ቆይቶ ያስታውካል፣ ምግብ ይተዋል፣ አልጋ ስር ገብቶ አልወጣም ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "ሆዱ ደርቆበት ነው" ብሎ ዘይት ያጠጣል። በዚያ ሰዓት የሚባክነው የድመቱ ዕድሜ ነው። ሆዱን እየጫናችሁ ለማሸናትም አትሞክሩ፤ የተወጠረ ፊኛ ሊፈነዳ ይችላል። አቅፋችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ስለዚህ ድመታችሁ ደህና ሳለ፣ ዛሬ፣ ለሐኪማችሁ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ። የተዘጋ ሽንት በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ታወጣላችሁ? ማታ፣ እሁድና በዓል ማን አለ? እናንተ ከሌላችሁ ወዴት ልሂድ? መልሱን ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ የበዓል ዋዜማ ሌሊት የሦስት ክሊኒክ በር ተዘግቶ ካገኘሁ በኋላ ነው። በላዳ ስንዞር ጉሬዛ ነጠላዬ ላይ ሸናልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ሽንት የለም። ሹፌሩ ግን አልተደሰተም።

ደረጃ 1፦ ሌላ በሽታ አለመሆኑን ማጣራት

ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማማጥ፣ ደም፣ ከሳፋ ውጭ መሽናት፤ እነዚህ ምልክቶች ከብዙ ሕመም ጋር ይመጣሉ። የፊኛ ጠጠር አለ፣ የባክቴሪያ ልክፈት አለ፣ በሸመገሉ ድመቶች ላይ ዕጢም አለ። የጭንቀት ፊኛ የሚባለው እነዚህ ተፈልገው ሲታጡ ነው። ስለዚህ ቢያንስ የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ወይም ራጅ ይኑር። ራጅና አልትራሳውንድ ጠጠርን ለማየት ነው።

ለሽንት ምርመራ የሚመረጠው ሐኪሙ በመርፌ ከፊኛው የሚቀዳው ነው። ያ ካልተቻለ ከቤት ይወሰዳል። ሳፋውን እጠቡና ባዶውን አስቀምጡት፤ ከሸና በኋላ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቅዱት። በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርሱት፤ ካልሆነ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጅም ቢገባ ሽንት ሲቀዘቅዝና ሲያድር ክሪስታል ሊሠራ ስለሚችል መቼ እንደተቀዳ ለሐኪሙ ንገሩት፤ አለዚያ ያልነበረ በሽታ ይነገራችኋል።

አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ "ባክቴሪያ ታይቷል?" ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች በሆኑ ድመቶች ላይ ባክቴሪያ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። በእነዚህ ምልክቶች ሐኪም ዘንድ ከሚመጡት ድመቶች ከግማሽ በላዩ ጠጠርም ባክቴሪያም የላቸውም። የእነሱ ሕመም በሕክምናው ቋንቋ "ኢዲዮፓቲክ ሲስታይቲስ" ይባላል፤ መነሻው ያልታወቀ የፊኛ ብግነት እንደማለት ነው። ስሙ "አናውቀውም" ይላል እንጂ ስለ ሕመሙ የሚታወቀው ጥቂት አይደለም።

ብዙውን የደከመበት በአሜሪካው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ቶኒ ባፊንግተን ነው። ባፊንግተን በእነዚህ ድመቶች ፊኛ ላይ ብቻ አላተኮረም። አንጀታቸው፣ ቆዳቸው፣ ጠባያቸውም አብሮ እንደሚታወክ አየና ሕመሙን "ፓንዶራ ሲንድረም" አለው። ነገሩ እንዲህ ነው። የእነዚህ ድመቶች አደጋ ጠቋሚ ነርቭ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ነው። አድሬናሊን መሰል ንጥረ ነገር ይበዛባቸዋል፤ ያንን የሚያረግበው ኮርቲዞል ግን በሚገባው መጠን አይመነጭም። የፊኛቸው የውስጥ ሽፋን ይሳሳል። ሽንት በሳሳው ሽፋን አልፎ ነርቩን ሲነካው ቁስል ላይ ሎሚ እንደመጭመቅ ነው። አእምሮው ሲደነግጥ ፊኛው ይቃጠላል፤ ፊኛው ሲቃጠል አእምሮው ይብስ ይደነግጣል።

ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው የተኮላሹ፣ ክብደት የጨመሩ፣ ከቤት የማይወጡና በጎልማሳ ዕድሜ ላይ ያሉ ድመቶችን ነው። የኮንዶሚኒየም ድመት ማለት ነው። ጉሬዛ ራሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ደብተር መያዝ

ይህን ደረጃ ዘለል አታድርጉት። አንድ የሃምሳ ሉክ ደብተር ይበቃል። በየቀኑ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ጊዜ ሸና፣ ሽንቱ ሳፋው አሸዋ ላይ የሠራው ጓል ምን ያህላል፣ ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ። ጤነኛ ድመት በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ይሸናል። ጓሉ የሎሚ መጠን ከነበረ ወደ ባቄላ መጠን ሲወርድ፣ ቁጥሩም ሲበዛ፣ ደም ከመታየቱ በፊት ታውቃላችሁ። የሆዱን ፀጉር እስኪመለጥ መላስም ይጻፍ፤ የፊኛ ሕመም እንደዚያም ይታያል።

የእኔ ደብተር በዓመቱ የነገረኝ ይህን ነበር። አንዱ ሕመም የተነሳው የፋሲካ በግ ከመስኮቱ ስር በታሰረ በማግስቱ። አንዱ እንግዶች ለምረቃ መጥተው ሳሎን ያደሩ ሰሞን። አንዱ ላይኛው ፎቅ ግድግዳ በድሪል ሲበሳ። አንዱ ውሃ ለአምስት ቀን ጠፍቶ ሳፋው ሳይታጠብ፣ ኮሪደሩ ደግሞ በጀሪካን ሲንኳኳ። የመጨረሻውን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፦ የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት። ለካ ቤት ውስጥ ሥጋ ሲጠፋ ጉሬዛም ሳይጠየቅ ጾም ገብቷል።

ባፊንግተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት አንድ ጥናት አለ። 12 ጤነኛና 20 ሕመሙ ያለባቸውን ድመቶች ለ77 ሳምንታት ተከታተሉ። የመኖ ሰዓት ሲዛባ፣ የሚንከባከባቸው ሰው ሲለወጥ፣ ጤነኞቹም ምግብ ይተዉ፣ ያስታውኩ፣ ከሳፋ ውጭ ይጸዳዱ ነበር። ጤነኛውን ያናጋ ነገር ታማሚውን ምን እንደሚያደርገው አስቡት።

ደረጃ 3፦ ሕመሙ ሲነሳ

የመጀመሪያው ሥራ ሕመሙን ማስታገስ ነው። ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ ለድመት የሚሆን ማስታገሻ አለ፣ በኪሎው ተሰልቶ ይሰጣል። "ብዙም አያመውም፣ እስኪ ይለፍለት" ብላችሁ አትዝለሉት፤ ሕመሙ ራሱ ጭንቀት ነውና።

ከራሳችሁ መድኃኒት ግን ምንም አትስጡ። በተለይ ፓራሲታሞል። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያስወግድበት በቂ መንገድ የለውም፤ አንዲት ኪኒን ድመት ትገድላለች። ኢቡፕሮፌንም እንዲሁ መርዝ ነው። ግማሿን፣ ሩቧን ብላችሁ አታስሉ።

አትቆጡት፤ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ አትሰኩት። የሚማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው። ጸጥ ያለ ክፍል ስጡት፤ ሳፋው፣ ውሃውና መኝታው እዚያው ይሁኑ።

ጽዳቱ ራሱን የቻለ ጥበብ አለው። እርጥቡን በጨርቅ ጫን እያላችሁ ምጠጡት፤ አትሹት፣ ይሰራጫል። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃና በዱቄት ሳሙና እጠቡት፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ ፀሐይ ላይ ይዋል። የእንስሳት ሽንት ማጽጃ ተብሎ ኢንዛይም ያለበት ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። በረኪና ግን በፍጹም። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ለእናንተም ለእሱም አይሆንም።

ደረጃ 4፦ ሳፋው

ሕጉ አጭር ነው፦ የድመቶቹ ቁጥር ሲደመር አንድ። አንድ ድመት ካለ ሁለት ሳፋ። ጎን ለጎን ከተቀመጡ ለድመቱ አንድ ናቸው፤ ለየብቻ ይቀመጡ።

ስፋቱ የድመቱን ርዝመት አንድ ተኩል ጊዜ ይሁን። በዕቃ ቤት ለድመት ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። እኔ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገዝቼ አንዱን ጎን በቢላ ዝቅ አድርጌ ቆርጬዋለሁ። ክዳን ያለው ቤት መሰል ሳፋ ለእኛ ዓይን ያምራል፤ ሽታውን ግን ውስጥ ያፍነዋል፣ ድመቱም ዙሪያውን እያየ መሽናት ነው የሚፈልገው።

አሸዋው ሽቶ የሌለበት፣ ደቃቅና የሚጓል ይመረጣል። ከውጭ የሚገባው ዋጋው የማይቀመስ ነው። አማራጩ የተነፋና የታጠበ የወንዝ አሸዋ ነው። አይጓልም፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት፤ የደብተሩን ልኬትም በእርጥቡ ስፋት ትይዛላችሁ። ሰጋቱራ የሚጠቀሙም አሉ፤ ከአናጢ ስታመጡ ቀለምና ማስቲሽ ያልነካው መሆኑን እዩ። የትኛውን እንደሚወድ ለማወቅ ሁለቱን ሳፋዎች በሁለት ዓይነት ሙሉና አንድ ሳምንት ተዉት። ጉሬዛ ሰጋቱራውን አንድ ጊዜ አሽትቶ እጁን አራግፎ ሄደ።

በቀን ሁለት ጊዜ ይጠረግ። በሳምንት አንዴ በሙቅ ውሃና በሳሙና ብቻ ይታጠብ። ውሃ ሲነካቸው ነጭ የሚሆኑት ጠንካራ ሽታ ያላቸው ማጽጃዎች ብዙዎቹ ፊኖል መሰል ነገር አለባቸው፤ ለድመት መርዝ ነው። ቦታው ከምግቡ ይራቅ፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ይራቅ፣ በአንድ በኩል ሰው ሲመጣበት በሌላው የሚወጣበት ይኑረው።

ደረጃ 5፦ ውሃ ከምግብ ጋር

የቀጠነ ሽንት የሳሳ ፊኛን ብዙም አያቃጥልም። ድመት ግን በተፈጥሮው ውሃ ጠጪ አይደለም፤ ከአደነው ሥጋ ነው የሚያገኘው። ደረቁ የፋብሪካ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ 10 በመቶ ነው። የቆርቆሮው እርጥብ ምግብ ውስጥ ከ75 በመቶ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ አንድ ጥናት አንድ ዓይነት ምግብ በደረቁና በእርጥቡ ተሰጥቶ በዓመቱ ታየ። ደረቁን ከበሉት 39 በመቶው ሕመሙ ሲመለስባቸው፣ እርጥቡን ከበሉት የተመለሰባቸው 11 በመቶው ነበሩ።

ቆርቆሮ ለዕለት ዕለት የሚቻለው ጥቂት ሰው ነው። የእኔ ዘዴ ይኸው። ደረቁ ምግብ ላይ ለብ ያለ ውሃ መጨመር፤ መጀመሪያ አንድ ማንኪያ፣ በየሳምንቱ እየጨመሩ፣ በወሩ ሾርባ እስኪመስል። ሁለተኛ፣ የዶሮ ወይም የዓሣ መረቅ። ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ነጭ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ። ሽንኩርት ቢበስልም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ስለዚህ የወጥ ትራፊ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ወጣችን ሽንኩርት ነው።

ሳንባስ? ከሥጋ ቤት ሳንባ እየገዛን ድመት ያሳደግን ብዙ ነን። የተቀቀለ ሳንባ ከነመረቁ ጥሩ እርጥብ ተጨማሪ ነው፤ ብቻውን ግን የተሟላ ምግብ አይደለም፣ ካልሲየም ይጎድለዋል። ጉበት ደግሞ በየቀኑ ከሆነ ቫይታሚን ኤ ይበዛበታል። በሳምንት አንዴ ቅምሻ ይበቃዋል።

የውሃ ሳህኑ ሰፊ ይሁን፤ ጢሙ ጠርዙን ሲነካው የማይወዱ አሉ። ከምግቡ ራቅ ይበል፤ ሁለት ሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ በየቀኑ ይቀየር። በአንድ ጊዜ ምግብ ለውጣችሁ "ሲርበው ይበላል" አትበሉ። ድመት ሁለት ሦስት ቀን ካልበላ፣ በተለይ ወፍራም ከሆነ፣ ጉበቱ በስብ ተሞልቶ ሌላ በሽታ ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ቤቱን ማከም

ከመድኃኒቱም ከምግቡም በላይ ይህ ነው የሠራልኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የባፊንግተን ጥናት ከቤት የማይወጡ 46 ታማሚ ድመቶችን ለ10 ወራት ተከታትሎ ነበር። ለባለቤቶቹ የታዘዘው ቤታቸውን ማስተካከል ነው። የሽንቱ ምልክት ብቻ አልነበረም የቀነሰው፤ ፍርሃቱና መደናገጡም ቀነሰ።

*ከፍታ።* ድመት ከላይ ሆኖ ሲያይ ይረጋጋል። ቡፌው ላይ ያለውን ጌጥ አንሱና ጨርቅ አንጥፉለት። እናቴ ስትመጣ ያልተዋጠላት ይህ ብቻ ነበር።

*መደበቂያ።* ካርቶን። ነፃ ነው። ሁለት ቀዳዳ ይኑረው፣ ጸጥ ያለ ጥግ ይቀመጥ። እዚያ ገብቶ ሳለ ማንም አይጎትተው፤ ልጆችም ይህን ይልመዱ። ከመደበቂያው የሚጎተት ድመት መደበቂያ የለውም።

*መስኮት።* እኔ አንደኛ ፎቅ ነኝ። አንድ ባለቤት የሌለው ቢጫ አውራ ድመት በረንዳዬ ላይ እየወጣ በመስታወቱ ያፈጥጥበት ነበር። አይነካካም፣ አይጮህም፤ ማፍጠጥ ብቻ። ይህ ለጉሬዛ ሌባ በር ላይ ቆሞ እንደማደር ነው። የመስታወቱን ታችኛ ግማሽ በወረቀት ሸፈንኩት፣ በረንዳው ላይ ምግብ መተውም አቆምኩ። ከሁሉ ርካሹ መፍትሔ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

*አደን።* "ድመት ብትመነኩስ አመሏን አትረሳም" የሚሉት አባቶች የእንስሳት ሐኪም ቢሆኑ ጥሩ ነበሩ። አመሏ ማድፈጥ፣ መዝለል፣ መያዝ፣ መብላት ነው። ይህን ካላገኘች ጉልበቱ የትም አይሄድም። ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ገመድ ላይ የታሰረ ላባ ወለል ለወለል ጎትቱ። እንደ አይጥ ይሽሽ እንጂ ፊቱ ላይ አይምጣ። በመጨረሻ ይያዘው፣ ወዲያው ምግብ ይቅረብ። ደረቅ ምግብ በላስቲክ ጠርሙስ ከትታችሁ ቀዳዳ ብትበሱለትም እያንከባለለ ሲያድን ይውላል።

*ሰዓት።* ምግብ፣ ጨዋታ፣ የሳፋ ጽዳት በየቀኑ በአንድ ሰዓት። እኛን ይሰለቸናል፤ እሱን ያሳርፈዋል።

*ሽታ።* ዕጣን ቆሞ ቡና ሲፈላ ጉሬዛ ዓይኑን ጨፍኖ ይሸሽ ነበር። ቡናውን አልተውኩም፤ ያንንማ አልችልም። ዕጣኑን በረንዳ አጠገብ አደረግኩ፣ የመኝታ ክፍሉን በር ዘጋሁ።

*ሰው።* ማቀፍ የጀመረው እሱ ይሁን፣ ያቆመውም እሱ ይሁን። ጭራው መወራጨት ሲጀምር እጃችሁን አንሱ።

ሁለትና ከዚያ በላይ ድመት ካላችሁ ጠቡን በጆሮ አትፈልጉት። የድመት ጠብ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። አንዷ ኮሪደሩ መሐል ትጋደማለች፤ ሌላዋ ሳፋው ጋ መድረስ አቅቷት ሽንቷን ትይዛለች። ሲያዩአቸው ተኝታለች ነው የሚባለው። ምግቡን፣ ውሃውን፣ ሳፋውን፣ መኝታውን አንዷ ሌላዋን ሳታይ የምትደርስበት ቦታ ከፋፍሉት።

ደረጃ 7፦ በዓል፣ እንግዳና ጾም

የሚመጣውን የምታውቁት ጭንቀት ይህ ነው፤ ካላንደር ላይ ታትሟል። ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት አንድ ክፍል አዘጋጁ። ሳፋ፣ ውሃ፣ ካርቶን፣ እናንተ የለበሳችሁት ያልታጠበ ሹራብ። ቀን ቀን እዚያ አብሉት፣ ይልመደው። ርችት ሲተኮስ፣ በግ ሲገባ፣ እንግዳ ሲበዛ ቀድሞ የሚያውቀው ቦታ አለው። "እስኪ ድመቷን ልያት" ለሚል ልጅ በሩ አይከፈትም። ትንሽ ክፉ መሆን ያስፈልጋል።

በጉ የሚታሰርበትን ቦታ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። እኔ ጥበቃውን "ጋሼ፣ ዘንድሮ በዚያኛው ጥግ ይታሰርልኝ" ብዬ ለመንኩት። ለምን እንደሆነ ስነግረው እስኪያለቅስ ሳቀ፤ ግን አሰረልኝ።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሰፈራችሁ ያለው ሥጋ ቤት ሳይዘጋ የድመቱን ድርሻ ቀቅላችሁ፣ በትንንሽ ላስቲክ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር አስገቡ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ደረቁን ምግብ አብዝታችሁ ያዙ፤ በውሃ ይርሳል። ድመት ሥጋ በል ነው፤ ሽሮ አይሆነውም። ፋሲካ ሲመጣም በአንድ ቀን ጥሬ ሥጋ አትቆልሉበት።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሳፋው ማጠቢያ አንድ ጀሪካን ለብቻ ይቀመጥ።

ደረጃ 8፦ የጭንቀት መድኃኒት

ይህ የመጨረሻው ነው፤ ከላይ ያለው ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ አሁንም ለሚመላለስበት ድመት። ሐኪም አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ሊያዝ ይችላል። የሰው መድኃኒት ናቸው፣ ፋርማሲ አሉ፣ መጠኑ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። አሚትሪፕቲሊን ሕመሙ በተነሳ ሰሞን ለአንድ ሳምንት ቢሰጥ አይረዳም፤ ተሞክሯል። ለወራት የሚወሰድ ነው፣ ሲቆምም ቀስ በቀስ ነው። መርፌ፣ ጉዞ ወይም ክሊኒክ ለሚያስደነግጠው ድመት ጋባፔንቲን የሚባል ማረጋጊያ አስቀድሞ የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

ለፊኛ ሽፋን ተብሎ የሚሸጠው ግሉኮሳሚን 40 ድመቶች ላይ ለስድስት ወር ተሞክሮ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ኪኒን አልተሻለም። የሁለቱም ቡድን ድመቶች ግን ተሽሏቸው ነበር፤ በሙከራው ጊዜ ብዙዎቹ ወደ እርጥብ ምግብ ዞረው ነበርና። ከውጭ ዘመድ "ምን ላምጣልሽ?" ሲላችሁ ኪኒኑን ትታችሁ እርጥብ ምግብ አስመጡ። ግድግዳ ላይ የሚሰካ የድመት ፌሮሞን፣ ማለትም ድመት ያረጋጋል የሚባል ሽታ የሚለቅ ዕቃ፣ የሚያመጡም አሉ። እኔ ሞክሬው ነበር፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እሱም ይጠፋል።

ስንት ጊዜ ይፈጅ ይሆን ለምትሉ፣ ለውጥ ማየት የጀመርኩት በሦስተኛው ወር ነው። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም። በዓመት አምስት ጊዜ ይነሳ የነበረው ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ተነሳ፤ ያውም ላይኛው ፎቅ ሴራሚክ ሲቀየር። በሁለተኛው ቀን ጓሉ ባቄላ አክሎ አየሁ፣ ማስታገሻውን አስጻፍኩ፣ ወደ ጸጥተኛው ክፍል አስገባሁት። ደም አልታየም። በአምስተኛው ቀን ከካርቶኑ ወጥቶ ቡፌው ላይ ዘለለ፣ የእናቴን ሠርግ ፎቶ ገፍቶ ጣለው፣ ከዚያ ወርዶ ሳፋው ላይ ተቀመጠ። ደብተሩ ላይ "ሎሚ" ብዬ ጻፍኩ።